ስድስት ፈረንጅ ይዤ ድሬና ሐረር ልመጣ ነው፤ ምን ትመክሩኛላችሁ?

የለገሃሬ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። ተወልጄ ያደግኩት ድሬዳዋ፣ ለገሃሬ ሰፈር ነው። ከአገር ከወጣሁ 18 ዓመት ሆነኝ፤ አሁን የምኖረው እንግሊዝ ነው። ያለሁበት ከተማ ውስጥ አንድ የሴቶች ማኅበር አለ። አብዛኞቹ ጡረታ የወጡ ናቸው። ኬክ ጋግረው ይሸጣሉ፣ ያገለገለ ዕቃ ይሸጣሉ፣ የተገኘውን ወደ እኛ አገር ይልካሉ። ግማሹ ለፊስቱላ ሕክምና ይሄዳል። ግማሹ ደግሞ ድሬ ገጠር ለሚገኝ የአንድ ጤና ጣቢያ የእናቶች ማቆያና እዚያው አካባቢ ላለ የሴቶች ቁጠባ ቡድን ነው። እንዲህ ሲያደርጉ አምስት ዓመት ሆናቸው።

አሁን «ሄደን እንየው» አሉ። ስድስት ናቸው፤ ትልቋ 74 ዓመቷ ነው። ኅዳር ላይ እንመጣለን። አስተርጓሚም መሪም እኔ ነኝ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ፈርቻለሁ። ልጅ ሆኜ እንዲህ ያሉ እንግዶች ሰፈራችን ሲመጡ ትዝ ይለኛል። ፊታችንን ታጥበን እንሰለፋለን። እንዘምራለን። ብስኩት ይታደለናል። እኔ ሁሌም ከፊት ነበር የምቆመው፣ አጭር ስለነበርኩ። አሁን ከብስኩቱ ወገን ሆኜ ልመጣ ነው።

ምን ይዘን እንምጣ? ፎቶስ? የትኛው ቦታ ያስገባል? ሰው ሳናሳቅቅ ማየት ይቻላል ወይ?

ደንገጎ

እንኳን ደህና መጣሽ አቦ። እኔ ሹፌር ነኝ፤ እንዲህ ዓይነት እንግዳ ብዙ አመላልሻለሁ። ስለ መሳቀቁ ሌሎች ይንገሩሽ፣ እኔ ስለ መንገዱ።

ከድሬ ሐረር 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሲሰሙት ቅርብ ነው። ግን የደንገጎን ዳገት ስንወጣ ጥምዝምዙ ላይ እንግዳ ይታመማል። ድሬ 1,200 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፣ ሐረር ወደ 1,900 ትጠጋለች፣ መሃሉ ደግሞ ከሁለቱም ይበልጣል። ፌስታል ያዢ። ሎሚ ያዢ። ትልቋን ሴትዮ ፊት አስቀምጪ።

ቀጠሮሽ ሁሉ ጠዋት ይሁን። ከምሳ በኋላ ቢሮ ገብተሽ ሰው ብታጪ እንዳይገርምሽ። የድሬ ልጅ ነሽ፣ በርጫን ረሳሽው እንዴ? ዓርብ ደግሞ ጁምዓ አለ።

አወዳይ ላይ «አቁም፣ ገበያውን እንይ» ማለታቸው አይቀርም። ጫት የሚሸጡት ሴቶች ካሜራ አይወዱም። አንዴ አንዱ እንግዳ በመስኮት አነሳ፤ ቲማቲሙ ያረፈው እኔ ላይ ነው።

ከዚራ ጥላ ሥር

ይቅርታ፣ እኔ ደስ አላለኝም። የስድስት ሰው ቲኬት፣ ሆቴል፣ መኪና። ያን ሁሉ ሰብስባችሁ ብትልኩትስ? ኬክ ሸጠው ያገኙትን ያህል አሥር እጥፍ ለአውሮፕላን ይከፍሉና «የረዳናቸውን ሴቶች አየን» ብለው ይመለሳሉ። ሰው የሆድ ዕቃውን ለጎብኚ እስኪያሳይ ድረስ መታከም አይችልም እንዴ? ለንደን ሆስፒታል ገብቼ የተኙትን በሽተኞች ልጎብኝ ብል ያስገቡኛል?

የለገሃሬ ልጅ

ቲኬቱን ከኪሳቸው ነው የሚከፍሉት፤ ከማኅበሩ ሳንቲም አይነካም። የለንደኑን ግን መልስ የለኝም። እውነት ነው፣ አያስገቡህም።

ሲስተር ጁገል

እኔ አዋላጅ ነርስ ነኝ፤ ሐረር ዙሪያ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። የከዚራውን ሰው ሐሳብ ግማሹን እደግፋለሁ። ግማሹን ግን ልመልስ፣ ረዘም ይልብኛል።

መጀመሪያ የምታዩት ምን እንደሆነ እወቁ። ምጥ ሁለት ሦስት ቀን ሲቆይ የሕፃኑ ራስ የእናቲቱን ፊኛ ከዳሌ አጥንት ጋር አጣብቆ ይይዘዋል። ቦታው ደም አያገኝም። ሥጋው ይሞትና ከቀናት በኋላ ይበሳል። ከዚያ ሽንት ያለማቋረጥ ይፈሳል፤ አንዳንዴ ሰገራም። ሕፃኑ አብዛኛውን ጊዜ አይተርፍም። ፊስቱላ ይኸው ነው። ይህቺ ሴት ልጇን ቀብራ፣ ልብሷ እየራሰ፣ ባሏ ቤት ይሁን እናቷ ቤት አንዱ ጥግ ተቀምጣ የከረመች ናት። ወደ ሕክምናው የመጣችው ከጎረቤት ዓይን ሸሽታ ነው። አሁን የስድስት እንግዳ ዓይን አትጨምሩባት።

ሐረር ያለው ማዕከል የሐምሊን ነው። ሐኪሞቹ ካትሪን ሐምሊንና ባለቤታቸው ሬጂናልድ እ.ኤ.አ. በ1959 ለጥቂት ዓመት ሥራ ብለው መጥተው ቀሩ። አዲስ አበባ ላይ ሆስፒታሉን በ1974 ከፈቱ። ባለቤታቸው በ1993 አረፉ፣ እሳቸው በ2020 በ96 ዓመታቸው። ከአዲስ አበባ ውጭ አምስት ማዕከል አለ፦ ባሕር ዳር፣ መቀሌ፣ ይርጋለም፣ ሐረር፣ መቱ። እስካሁን ከ60,000 በላይ ሴቶች ታክመዋል፣ ሁሉም በነጻ። ስለዚህ የኬኩ ገንዘብ ባክኖ አልቀረም። መጎብኘት ከፈለጋችሁ ግን ቀድማችሁ ለዋናው ቢሮ ጻፉ። በር ላይ ደርሳችሁ «እኛ ለጋሾች ነን» አትበሉ።

አሁን ያየሁትን ልንገርሽ። ሌላ ቦታ ነው፣ ስሙን አልጠራም። እንግዶች ዋርድ ገቡ። የ19 ዓመት ልጅ ከኦፕራሲዮን ወጥታ በሳምንቷ የሽንት ቱቦዋን ይዛ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ሽታው የነበረው ከወዲያኛው አልጋ ነው፣ ገና ካልታከመችው። አንዷ እንግዳ ሻርፗን ወደ አፍንጫዋ ሳብ አደረገች። ክፋት አልነበራትም፣ እጇ ነው የቀደማት። ልጅቷ አየች። ብርድ ልብሷን እስከ ዓይኗ ስባ ወደ ግድግዳው ዞረች። ያን ቀን ምሳ አልበላችም። የታከመችው እሷ፣ የደረቀችው እሷ፣ ያፈረችውም እሷ።

ስለዚህ ምክሬ፦ ዋርድ አትግቡ። ሠራተኞቹን አናግሩ። ስንት አዋላጅ አለ? ማደንዘዣ የሚሰጥ ሰውስ? ጄኔሬተሩ ይሠራል? የዳነች ሴት ወደ ቤቷ የምትመለስበትን ትራንስፖርት ማን ይከፍላል? ቀጣዩን ልጇን ስታረግዝ በኦፕራሲዮን እንድትወልድ ማን ይከታተላታል? እነዚህን የሚጠይቅ እንግዳ እስካሁን ሁለት ነው ያጋጠመኝ።

ደግሞ ቋንቋ። አማርኛሽ ብቻ አይበቃሽም። እዚህ የሚመጡት አብዛኞቹ ኦሮምኛ ወይ ሶማሊኛ ተናጋሪ ናቸው። ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ፣ ከአማርኛ ወደ ኦሮምኛ እየተባለ ሲተረጎም ሴትዮዋ አምስት ደቂቃ ታወራለች፣ እንግዳው ጋ የሚደርሰው «ደስ ብሎኛል ትላለች» ነው።

የለገሃሬ ልጅ

ሲስተር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ኦሮምኛዬ የገበያ ነው። ዋጋ መከራከር እችላለሁ፣ ሰው ማጽናናት አልችልም። ሴት አስተርጓሚ እፈልጋለሁ።

አቦ ይመችሽ

እኔ ስለ ስጦታው ልናገር። ልብስ በሻንጣ አትሙሉ ፕሊስ። ድሬ ላይ ልብስ? ታይዋን የሚባለው ገበያ ገብተሽ ግዢ፣ ከእንግሊዝ ይረክሳል። ከረሜላና እስክሪብቶም ይቅር። ሐረር ጁገል ውስጥ ያሉ ሕፃናት «ፈረንጆ! ፈረንጆ!» እያሉ ሲሮጡ ደስ ይላል፤ እስክሪብቶ ማደል ሲጀመር ግን ነገሩ ወደ ድብድብ ይዞራል። አይቻለሁ። ታናሽ ወንድሜ ጥርሱን ያጣው በእስክሪብቶ ነው።

ሲስተር ጁገል

መድኃኒትም እንዲሁ። ቀኑ ሊያልፍ አንድ ወር የቀረው መድኃኒት በሻንጣ ይዘው ይመጣሉ፤ ማስወገዱ ለእኛ ሥራ ነው። ጓንት፣ ሞዴስ፣ የሕፃን ልብስ የሚያስፈልግ ከሆነ ዝርዝሩን ከጤና ጣቢያው ተቀበሉና እዚሁ ግዙ።

የቀፊራ ነጋዴ

ሰላም። እኔ ቀፊራ ጎመንና ቃሪያ የምትሸጠዋ ነኝ። እያነበበች የምትጽፍልኝ ልጄ ናት። ማንበብ አሁን አሁን ነው የጀመርኩት፣ ስልክ ላይ ግን ገና ነኝ።

እኔን ጎብኝተውኛል። ሦስት ጊዜ። እንግዲህ ሌላው በሩቁ ሲያወራ ሰማሁ፣ እኔም የራሴን ልናገር።

ድርጅቱን አልጠራም። ሴቶችን ልብስ ስፌት ያሠለጥናል። ወረቀቱ ላይ ለስድስት ሴት ስድስት ማሽን ይላል። የመጣው ሁለት ነው። አንዱ ተበላሸ፣ ቀረ አንድ። እንግዶች ይመጣሉ ተባለ፣ ሦስት ቤት ያያሉ ተባለ። ምን ይደረግ? መጀመሪያ እኔ ቤት ገቡ። ማሽኑ ላይ ተቀምጬ እግሬን አንቀሳቅሳለሁ፣ ጨርቁን ገፋ ገፋ። አነሱኝ። ከዚያ ወጥተው አንዷ ጎረቤት በር ላይ ቡና ቀረበላቸው። ቡናው የቀረበው ለምን መሰላችሁ? ማሽኑ በጓሮ በባጃጅ ሁለተኛው ቤት እስኪደርስ ነው። እዚያም አዩት። ሦስተኛው ቤት ላይ አንዲት ነጭ ጸጉር ያላት ሴትዮ ጎንበስ ብላ መርፌውን አየች። ቀዩ ክር፣ እኔ ቤት የነበረው ቀይ ክር፣ እንደተሰካ ነው። ቀና ብላ እኔን አየችኝ፤ ከኋላ ተከትዬ መጥቼ ነበር። ምንም አላለችም። ደብተሯ ላይ ጻፈች።

በዓመቱ ፕሮጀክቱ ቆመ። አራቱን ማሽን የበላው ሰውዬ ሌላ ከተማ ሌላ ሥራ ያዘ። ማሽን ያጣነው፣ ሥልጠና ያጣነው፣ «የድሬ ሴቶች አጭበረበሩ» የተባልነው እኛ ነን። ያቺ ሴትዮ አንድ ቃል ብትጠይቀኝ እነግራት ነበር። ግን አስተርጓሚው ሰውየው ነበር፤ ማሽኑን የበላው ራሱ።

ሌላም አለ። ፎቶዬ ካላንደር ላይ ወጣ። ልጄ ነች ያየችው፣ አንድ ቢሮ ግድግዳ ላይ። ከሥሩ ያለውን አነበበችልኝ፦ መከራ ላይ ያለች እናት ይላል። መከራ ላይ አልነበርኩም። ጎመን እየሸጥኩ ነበር።

አቦ ይመችሽ

ማሽኑ በባጃጅ 😂😂 ወላሂ እያለቀስኩ ነው የሳቅኩት።

ከዚራ ጥላ ሥር

ይኸው። እኔ ምን አልኩ?

ሂሳብ ሠራተኛ

የለም፣ አንተ ያልከው አይመጡ ነው። የእናታችን ታሪክ የሚለው ሌላ ነው። ሴትዮዋ ባትመጣ ኖሮ ማሽኑ ወረቀት ላይ እስከ ዛሬ ስድስት ይሆን ነበር። የጎደለው መምጣቷ አልነበረም፣ ትክክለኛውን ሰው አለመጠየቋ ነው።

እኔ በአካባቢው ድርጅቶች ሂሳብ ስሠራ ኖሬያለሁ። እንግዶችሽ ይህን ይወቁ። አዋጅ ቁጥር 1113/2011 አንድ ሲቪክ ድርጅት ለአስተዳደር ከ20 በመቶ በላይ እንዳያወጣ ይላል። ስለዚህ «ስንቱ ለሥራው፣ ስንቱ ለቢሮው?» ብሎ መጠየቅ ስድብ አይደለም፣ ሕግ ነው። ሪፖርት በየዓመቱ ይቀርባል፤ አሳዩን በሉ። የማያሳይ ካለ ያው አወቃችሁት።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ከጉዳዩ ትንሽ ወጣ ይላል። ከዚህ በፊት የነበረው አዋጅ 621/2001 ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በሴቶች መብት ላይ እንዳይሠራ ይከለክል ነበር። መብት ይሠሩ የነበሩት ስማቸውን ቀይረው ዶሮ እርባታ ገቡ። ስለ ድብደባና ስለ ያለ ዕድሜ ጋብቻ ያወሩ የነበሩ ሴቶች ዶሮ ሲቆጥሩ አሥር ዓመት አለፈ። አንዳንዱ ድርጅት እስከ ዛሬ ከዶሮው አልወጣም። እንግዶችሽ «ለምን ሁሉም ዶሮ ያረባል?» ብለው ከጠየቁሽ መልሱ ይኸው።

የለገሃሬ ልጅ

የቀፊራዋ እናቴ፣ ምን ልበልሽ። እነሱ ፊት ይህን ጽሑፍ ተርጉሜ ላነብላቸው ነው። ትፈቅጂልኛለሽ?

እና ሂሳብ ሠራተኛው፣ አንድ ጥያቄ። እንደዚያ ቀይ ክር ያለ ነገር ብናይስ? ዝም ካልን ተባባሪ ነን። ከተናገርን ፕሮጀክቱ ይዘጋና ሴቶቹ ይቀጣሉ።

ሂሳብ ሠራተኛ

ገንዘቡን አታቁሙ፣ መንገዱን ቀይሩ። ድርጅቱን በጽሑፍ ጠይቁ፣ ጊዜ ስጡ፣ ሂሳቡ በውጭ ኦዲተር ይታይ በሉ። ከሁሉ በፊት ግን ሴቶቹን ለብቻ፣ የድርጅቱ ሰው በሌለበት፣ በራሳችሁ አስተርጓሚ አናግሩ። ቀላሉ ጥያቄ «ምን ተሰጠሽ?» ነው። ከዝርዝሩ ጋር አስተያዩት።

የቀፊራ ነጋዴ

ይፈቀዳል፣ አንብቢላቸው። ይቺንም ጨምሪ፦ እንግዳ ሲመጣ እኛ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ጀምሮ ተሰልፈን እስከ 6 ሰዓት እንቀመጣለን። የዚያን ቀን ጎመን ይጠወልጋል። ማንም አይከፍለንም።

አወያይ

ሁለት አስተያየት አንስቻለሁ። ስልክ ቁጥር እዚህ አይለጠፍም። ብሔር ጠርቶ የተሳደበው ሰውም ራሱን ያውቃል። ቀጥሉ።

አባ ኤረር

እኔ ሽማግሌ ነኝ፤ የልጅ ልጄ ይህን ሰሌዳ አሳየኝ። እናንተ ስለ ጎብኚ ስታወሩ አንድ ጎብኚ ትዝ አለኝ፣ አይቶ ብቻ ያልተመለሰ።

ካርልሃይንዝ ቦም ኦስትሪያዊ ተዋናይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1981 ጀርመን አገር ቴሌቪዥን ላይ ቀርቦ ተወራረደ። ከሦስት ተመልካች አንዱ እንኳን አንድ ማርክ አይሰጥም አለ። እውነትም ያን ያህል ሰው አልሰጠም። ቢሆንም የተሰበሰበው ከ1 ሚሊዮን ማርክ በለጠ። ያን ገንዘብ ይዞ ወደ እኛ መጣ፤ ባቢሌ መጠለያ ያሉትን ተፈናቃዮች አየ። ከዚያ የኤረር ሸለቆ ሥራ ተጀመረ። ሰዎች ለሰዎች የተባለው ድርጅት የተነሳው ከእኛው ደጅ ነው። ኋላ ላይ ሐረር ውስጥ የቴክኒክ ኮሌጅም ሠራ። አዲስ አበባ ካርል አደባባይ ሲባል የምትሰሙት በእሱ ስም ነው።

ከሱ በፊትም ነበሩ። ሐረር አቅራቢያ ቢሲዲሞ ያለው ሆስፒታል ለሥጋ ደዌ ሕሙማን የተሠራው በጀርመኖች እርዳታ ነው። ለዚያው ሥራ ሲባል ዉርዝቡርግ በምትባል ከተማ እ.ኤ.አ. በ1957 ማኅበር ተቋቋመ። ዛሬም አለ።

ይህን የምለው ስድስቱ ሴቶች ይቅሩ ለማለት አይደለም። 74 ዓመቷ ከሆነ እኩያዬ ናት፣ በኔ ዕድሜ ደንገጎን ለሽርሽር የሚወጣ የለም። መጥታ ትቀመጥ። ቡና ትጠጣ። ቶሎ ቶሎ የሚነሳ እንግዳ ግን እኛ አገር አይወደድም። አንድ ቀን አምስት ቦታ ከምታስሯሯጫቸው አንድ ቦታ ይዋሉ።

የለገሃሬ ልጅ

አባባ፣ እሺ። (ድሬ «አንቱ» ስለሌለን «አንተ» ብልህ አትቀየምም መቼም።) አምስት ቦታ ነበር ያቀድኩት። እውነትም በቀን አምስት።

አባ ኤረር

ድሬ ሲባል ምን ቅያሜ አለ። በይ ሰርዢው።

ሲስተር ጁገል

ሁለት ነገር ቀርቶኛል።

አንደኛ፣ ስለ ግርዛት መጠየቃቸው አይቀርም። በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው አገር አቀፍ የጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሴቶች 65 በመቶው የተገረዙ ናቸው፤ ሶማሌ ክልል ውስጥ ሁሉም ለማለት ይቻላል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ይከለክላል። ግን አንዲት ሴትን አሥር ሰው ፊት «አንቺስ?» ማለት የለም። አንዴ እንዲህ ተጠይቃ አስተርጓሚው ደንግጦ «ስንት ልጅ አለሽ?» ብሎ ተረጎመው። «ሦስት» አለች። እንግዳዋ ደብተሯ ላይ ምን እንደጻፈች ፈጣሪ ይወቅ። ይህን ጤና ኤክስቴንሽኗን ለብቻ ጠይቁ። ቤት ለቤት የምትዞረው እሷ ናት፣ ሁሉን ታውቃለች።

ሁለተኛ፣ የእናቶች ማቆያውን እዩ። ከሁሉ የምወደው እሱን ነው። ቤቷ ከመንገድ የራቀ እርጉዝ ቀኗ ሲቃረብ መጥታ እዚያ ትቆያለች። ምጥ ሲመጣ ቃሬዛ ፍለጋ የለም፣ አምቡላንስ ጥበቃ የለም። ፊስቱላ የሚቆመው እዚያ ነው፣ ኦፕራሲዮን ክፍል ከመድረሱ በፊት። በ2016ቱ ጥናት ጤና ተቋም የወለደችው ከመቶ 26 ነበረች፤ በ2019 እ.ኤ.አ. 48 ሆነ። ግማሽ እንኳን አልሞላም፣ ግን እኔ ሥራ ስጀምር የነበረውን ስለማውቅ ለእኔ ብዙ ነው። ሴቶቹ የሚመጡት ግን ገንፎውና ቡናው ካለ ነው። ዱቄትና ቅቤ የሌለበት ማቆያ ባዶ አልጋ ነው። ጥር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ እርዳታ ሲቋረጥ በኮንትራት የሚሠሩ ብዙ ባልደረቦቻችን ተሰናብተዋል። ስለዚህ ኬክ የሚሸጡት ሴቶች የገንፎ ዱቄት ቢገዙ እኔ አልንቅም።

ከዚራ ጥላ ሥር

ሲስተር ስላለች ዝም አልኩ። አሁንም ቲኬቱን ይላኩት ባይ ነኝ።

የለገሃሬ ልጅ (ከጉዞው በኋላ)

ተመለስን። እጽፋለሁ ብዬ ነበር፣ ይኸው።

መጀመሪያ ለከዚራው ሰው። የጻፍከውን ተርጉሜ አነበብኩላቸው። ሁለቱ ተናደዱ፣ አንዷ አለቀሰች፣ ትልቋ «ልክ ነው» አለችና ሻይዋን ጠጣች። የቀፊራዋን ሲሰሙ ግን ሁሉም ጸጥ አሉ። ስልካቸውን መኪና ውስጥ ትተው ለመውረድ የወሰኑት ራሳቸው ናቸው።

ሐረር ላይ ሠራተኞቹን አናገርን፣ ሕሙማኑ ጋ አልገባንም። አንዷ ቅር ብሏታል። «ይህን ሁሉ መንገድ መጥቼ» አለች። አልፈረድኩባትም። ማታ ጁገል ውስጥ ስንዞር ረሳችው፤ ሕፃናቱ «ፈረንጆ» ሲሏት ስሟ መስሏት «እኔ እንትና ነኝ» እያለች ለያንዳንዳቸው እጅ ትጨብጣለች።

ማቆያው ጋ ሙሉ ቀን ዋልን፣ አባባ እንዳለኝ። አራት እርጉዞች ነበሩ። ገንፎ ሲገነፋ አገዝን፤ ማለቴ እነሱ ገነፉ፣ እኛ ጭሱን ጠጣን። በሴት አስተርጓሚ ነው ያወራነው፤ ኦሮምኛውን አንዲት የነርሲንግ ተማሪ ይዛልን ነበር፣ የቀን አበሏን ከፍለናል። አንዷ እርጉዝ ትልቋን ሴትዮ አየቻትና «አንቺስ ባልሽን ማን እያበላው ነው የመጣሽው?» አለቻት። «ከሞተ 11 ዓመቱ» ስትላት ከፍራሹ ላይ ፈቀቅ ብላ ቦታ ሰጠቻት። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ያለ አስተርጓሚ ነው የዋሉት። ስለ ምን እንዳወሩ አላውቅም።

ቁጠባ ቡድኑ ጋ የሄድነው በራሳቸው የስብሰባ ቀን ነው፣ ለእኛ ብለው እንዳይሰበሰቡ። 22 ሴቶች ናቸው። ሳጥኑ ሦስት ቁልፍ አለው፣ ቁልፎቹ ሦስት ሴቶች ጋ ናቸው። አንዷ ዘገየች፣ ቅጣት ከፈለች፤ እያጉረመረመች። ገንዘብ ያዥዋ ጣቷን እያስኬደች ደብተሩን ከፍታ አሳየችን፦ የቁጠባው፣ የብድሩ፣ የቅጣቱ። ማኅበሩ የላከው ገንዘብ በየትኛው መስመር እንደገባ፣ ማን እንደተበደረው፣ ማን እንደመለሰ። የማኅበሩ ሂሳብ ያዥ ከእኛ ጋር ነበረች፣ አንገቷን እየነቀነቀች አየች። «ጥሩ ነው፣ በጣም ጥሩ ነው» አለች።

ገንዘብ ያዥዋ ደብተሩን ዘጋች። «የእኛን አያችሁ። የእናንተስ?» አለች።

ተረጎምኩ። የእኛዎቹ ተያዩ። ሂሳብ ያዥዋ መኪና ሄዳ ስልኳን አምጥታ ፈለገችና ሰንጠረዡን አሳየች። መስመር በመስመር ተረጎምኩላት። ኬክ ሽያጭ፣ ይህን ያህል። ዕቃ ሽያጭ፣ ይህን ያህል። ገንዘብ ያዥዋ ጣቷን ኬኩ ላይ አቆመች።

«ዱቄቱስ?»

«ዱቄቱ ምን?»

«የዱቄቱ፣ የእንቁላሉ፣ የስኳሩ የት አለ? አልተቀነሰም።»

ከየቤታችን ነው የምናመጣው አለች ሂሳብ ያዥዋ። ገንዘብ ያዥዋ ይህ ሲተረጎምላት ራሷን ነቀነቀች። «እንዲህማ ከሆነ ትርፋችሁን አታውቁትም» አለች። ከዚያ ብጣሽ ወረቀት ቀድዳ ሁለት መስመር አስምራ ሰጠቻት፤ በዚህ ወጪ፣ በዚህ ገቢ። ወረቀቱ አሁን ማኅበሩ ወጥ ቤት ውስጥ ፍሪጁ ላይ ተለጥፏል።

የቀፊራዋ እናቴ፣ ልናገኝሽ ፈልገን ነበር፤ ግን ጎመንሽ ይጠወልጋል ብዬ ተውኩት። ቀፊራ ሄደን ቃሪያ ገዝተናል። ምናልባት ካንቺ ይሆናል።

የቀፊራ ነጋዴ

ስድስት ፈረንጅና አንድ ሐበሻ ቃሪያ የገዙኝ ቀን አለ። ከትልቋ ሴትዮ መልስ አልተቀበልሽም። 15 ብር አለሽ፣ ስትመጪ ውሰጂ።

ደንገጎ

ሁሉም ጥሩ። ደንገጎ ላይ ማን አስታወከ?

የለገሃሬ ልጅ

እኔ።